ጃምቦው በክብር ሲሸኝ፣ የካርቱም አውሮፕላኖች ለምን ለጡረታ ሳይበቁ ቀሩ?

የአሜሪካው ቦይንግ ኩባንያ የመጨረሻውን 747 አውሮፕላን እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ለጭነት አጓጓዡ አትላስ ኤር አስረከበ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀው የምርት ዘመን ይህ 1574ኛው ነበር። በዋሽንግተን ግዛት በኤቨረት ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ በተካሄደው ሥነ ሥርዓት አውሮፕላኑን ሲሠሩ የኖሩ ጡረተኞችና ሠራተኞች በብዛት ተገኝተው የእጃቸውን ሥራ ተሰናበቱ።

ከ74 ቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 15፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲፈነዳ የካርቱም ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ሜዳዎች አንዱ ሆነ። በማረፊያው የቆሙ አውሮፕላኖች ነደዱ። ከእነዚህም መካከል መንገደኞችን ይዞ ወደ ሪያድ ለመነሣት በመዘጋጀት ላይ ሳለ የተመታው የሳዑዲ ዓረቢያ አየር መንገድ ኤርባስ ይገኝበታል። ማረፊያውን ከሰሜኑ የከተማዋ ክፍል ከባሕሪ የሚለየው የጥቁር ዓባይ ውኃ ነው፤ በዚያም የጦር ሠራዊቱ የጦር ሰፈሮች ስለነበሩ ውጊያው በሰዓታት ውስጥ ወንዙን ተሻገረ።

ሁለቱም ክስተቶች የአውሮፕላኖች ፍጻሜ ናቸው። በመጀመሪያው፣ አንድ ኢንዱስትሪ አንድ መሣሪያ ዘመኑን ጨረሰ ብሎ ወሰነ፤ ምትኩንም አዘጋጅቶ ሸኘው። በሁለተኛው ማንም አልወሰነም። ትልልቅ አየር መንገዶች ጃምቦዎቻቸውን ጡረታ ያወጡበትን ምክንያት መመርመር፣ በአንድ ዘመን የተወለዱት የካርቱምና የአዲስ አበባ አየር መንገዶች ለምን እንዲህ እንደተራራቁም ለመረዳት ያግዛል።

ግዙፉ አውሮፕላን ለምን ተሸኘ?

ቦይንግ 747 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በፌብሩዋሪ 1969 ነው። የፓን አም አየር መንገድ በ1966 ሃያ አምስት አውሮፕላኖችን በአንድ ጊዜ ሲያዝ የተነሣበት ስሌት ግልጽ ነበር፦ የአየር ጉዞ ፈላጊ በየዓመቱ እየበዛ ነው፤ ማረፊያዎች ተጨናንቀዋል፤ መፍትሔው በአንድ በረራ ብዙ ሰው መጫን ነው። በጃንዋሪ 1970 ከኒውዮርክ ወደ ለንደን በተደረገው የመጀመሪያው የንግድ በረራ የአንድ ወንበር ዋጋ የሚቀንስበት ዘመን ተከፈተ።

ስሌቱ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ወንበሮቹ መሙላት ነበረባቸው። 400 ያህል መንገደኛ የሚይዝ አውሮፕላን ግማሹ ባዶ ሆኖ ቢነሣም አራቱም ሞተሮቹ ነዳጅ ይጠጣሉ፤ አራቱም ጥገና ይፈልጋሉ። በዚያ ዘመን ረጅም ውቅያኖስ ለማቋረጥ ከሁለት በላይ ሞተር መያዝ የደኅንነት ግዴታ ስለነበር አየር መንገዶች ወጪውን ከመሸከም ውጭ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በ60 ደቂቃ ውስጥ ሊያርፍ ከሚችልበት ቦታ ርቆ እንዳይበር ደንቡ ያስገድድ ነበርና።

ይህ ደንብ በ1985 ላላ፤ ገደቡ መጀመሪያ ወደ 120፣ በኋላም ወደ 180 ደቂቃ ከፍ አለ። ሞተሮች እየተሻሻሉ ሲሄዱ ሁለቱ የአራቱን ሥራ መሥራት ቻሉ። ቦይንግ 777፣ ከዚያም 787 እና ኤርባስ 350 ሲመጡ አየር መንገዶች በቀን አንድ ጊዜ 400 ሰው ከማንቀሳቀስ ይልቅ በቀን ሁለት ጊዜ 250 ሰው ማንቀሳቀስን መረጡ። መንገደኛውም በሰዓቱ የሚነሣ ተደጋጋሚ በረራን ወደደ።

የኮሮና ወረርሽኝ የተጀመረውን አፋጠነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ 31ዱን 747 አውሮፕላኖቹን እስከ 2024 ቀስ በቀስ ለመሸኘት ያቀደ ቢሆንም፣ በጁላይ 2020 ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአገልግሎት እንዲወጡ ወሰነ። የአውስትራሊያው ኳንታስና የኔዘርላንዱ ኬኤልኤምም በዚያው ዓመት የመንገደኛ ጃምቦዎቻቸውን ሸኙ። ባለሁለት ፎቁ ኤርባስ 380ም ዕድሜው አጠረ፤ 251 ብቻ ተሠርተው ምርቱ በ2021 ቆመ። ከእነዚህ 123ቱን የወሰደው ኤሚሬትስ ነበር። ዱባይ እጅግ ብዙ መንገደኛ በአንድ ቦታ አሰባስባ የምትበትን ከተማ በመሆኗ ግዙፉ አውሮፕላን እዚያ ሥራ አላጣም። ሉፍታንዛም ኤርባስ 380ን አሰናብቶ የነበረ ቢሆንም ፍላጎት ሲያንሰራራ በ2023 መልሶታል። ስለዚህ የጃምቦው ጡረታ ለሁሉም በአንድ ቀን የሚደርስ አይደለም፤ እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን ገበያ አይቶ የሚያወጣው ሒሳብ ነው።

አዲስ አበባ ያልገዛችው አውሮፕላን

በአፍሪካ ጃምቦ መግዛት ለረጅም ጊዜ የብሔራዊ ኩራት ምልክት ነበር። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ በ1971 ጀመረ። በኋላም ኤር ጋቦን፣ ኤር ማዳጋስካርና የካሜሩን አየር መንገድ አንዳንድ 747 ገዙ። ችግሩ ያለው እዚሁ "አንዳንድ" ላይ ነው። አንድ ብቻ የሆነ ጃምቦ ለጥገና ሲቆም የአገሪቱ ረጅም በረራ አብሮት ይቆማል፤ ለዚያ ለአንድ አውሮፕላን ሲባል ለብቻው የሠለጠነ አብራሪ፣ መካኒክና የመለዋወጫ ክምችት መያዝ ያስፈልጋል። የካሜሩን ጃምቦ በ2000 ፓሪስ ላይ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ኤር ጋቦን በ2006፣ የካሜሩን አየር መንገድ በ2008 ሥራ አቆሙ። ለመክሰማቸው ጃምቦው ብቸኛ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን የአቅምና የምኞት አለመመጣጠን ጎልቶ የታየበት ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመንገደኛ አገልግሎት 747 ወይም ኤርባስ 380 ገዝቶ አያውቅም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የደርግ መንግሥት የሶቭየት ኅብረት የቅርብ ወዳጅ በነበረበት ወቅት እንኳን አየር መንገዱ የአሜሪካውን ባለሁለት ሞተር ቦይንግ 767 መረጠ። ጁን 1 ቀን 1984 የመጀመሪያው 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለ ማቋረጥ 12,082 ኪሎ ሜትር በመብረር ከ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በኋላ አዲስ አበባ አረፈ፤ ይህም በዘመኑ ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። የዓለም ደንብ በሁለት ሞተር ረጅም መብረርን ከማቅለሉ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የቦሌ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ነዳጅ ሲቀዱ የኖሩት፣ ከዋሽንግተን የሚመለሱት ግን በቀጥታ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ተፈጥሮ በጣለችው ገደብ ላይ የገበያው መጠን ሲጨመር፣ አየር መንገዱ መካከለኛ አውሮፕላኖችን በየአቅጣጫው ደጋግሞ ማብረርን የሥራው መሠረት አደረገ። በ2012 ከጃፓን ውጭ 787ን የተረከበ የመጀመሪያው፣ በ2016 ደግሞ በአፍሪካ ኤርባስ 350ን ያበረረ የመጀመሪያው አየር መንገድ ሆነ።

አሮጌዎቹንም የሸኘበት መንገድ ትምህርት አለው። በወረርሽኙ ወቅት የ25 ያህል አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ለጊዜው ጭነት አመላለሰባቸው። በ2021 ደግሞ ያረጁ የመንገደኛ 767 አውሮፕላኖችን በአዲስ አበባ ወደ ጭነት አውሮፕላንነት ለመቀየር ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር ተስማማ። መካኒክ፣ የጥገና ማዕከልና ማሠልጠኛ ላለው ድርጅት አውሮፕላን ከመንገደኛ አገልግሎት ቢወጣም ከሥራ አይወጣም።

ተፈጥሮ ያደላት ካርቱም

ጉዳዩን ከተፈጥሮ አንጻር ብቻ ለሚያየው ሰው ለግዙፍ አውሮፕላን የምትመቸው አዲስ አበባ ሳትሆን ካርቱም ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር በታች ናት፤ ዙሪያዋ ሜዳ ነው። የበጋው ብርቱ ሙቀት አየሩን ቢያሳሳውም ከቦሌ ከፍታ ጋር አይተካከልም። ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ፣ ከአውሮፓም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወስዱ መስመሮች በላይዋ ያልፋሉ። በየዓመቱ ወደ ሐጅና ዑምራ የሚጓዘው ሕዝብ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራው ሱዳናዊ ብዛት አውሮፕላን የሚሞላ ገበያ ነው።

አጀማመሩም ወደ ኋላ የቀረ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በኤፕሪል 1946 ሲያደርግ፣ የሱዳን አየር መንገድም በዚያው ዓመት ተመሥርቶ በ1947 መብረር ጀመረ። አንደኛው የአሜሪካውን ቲደብሊውኤ፣ ሌላው የእንግሊዙን ኤርወርክ እገዛ አግኝተዋል። በ1962 መጨረሻ አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን የቦይንግ 720 ጄቶች ስትቀበል፣ ካርቱምም በዚያው ሰሞን የእንግሊዙን ኮሜት ጄት ተቀበለች። ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው አጀማመራቸው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ማዕቀብ ያብራራው፣ ያላብራራውም

አሜሪካ በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ የጣለችው ሰፊ የኢኮኖሚ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ለሃያ ዓመታት ጸና። የአሜሪካ ሥሪት አውሮፕላንና መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ኤርባስም ቢሆን ብዙ የአሜሪካ ክፍሎች ስላሉት ከችግሩ አላመለጠም። አየር መንገዱ አዲስ ሊገዛ ስላልቻለ አሮጌውን ጡረታ ሊያወጣ አልቻለም። በጁላይ 2003 ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ የወደቀው ቦይንግ 737 ለሱዳን አየር መንገድ የተረከበው በ1975 ነበር። በውስጡ ከነበሩት 117 ሰዎች የተረፈው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። የሱዳን ባለሥልጣናት ወዲያውኑ ጣታቸውን ወደ ማዕቀቡ ቀሰሩ። በጁን 2008 ደግሞ ካርቱም ላይ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ የተቃጠለው ኤርባስ 310 የ30 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 የሱዳን አየር መንገዶችን በሙሉ ከሰማዩ አገደ፤ እገዳው በ2025 በታደሰው ዝርዝርም ሰፍሯል።

ማዕቀቡ ብዙ ነገር ያብራራል፤ ሁሉን ግን አያብራራም። ከ2000 ወዲህ የተቋቋሙት ባድርና ታርኮ የተባሉት የሱዳን የግል አየር መንገዶች በዚያው ማዕቀብና በዚያው እገዳ ሥር ሆነው፣ በተመሳሳይ አሮጌ አውሮፕላኖች ከመንግሥቱ አየር መንገድ በልጠው አደጉ። የመለዋወጫ እጥረት ሁሉንም እኩል ጎድቷል፤ የአመራር ችግር ግን የመንግሥቱን አየር መንገድ ለብቻው ጎዳው። በ2007 አብዛኛው አክሲዮን ለግል ባለሀብቶች፣ በዋናነትም ለአንድ የኩዌት ኩባንያ ተላለፈ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ መንግሥት ተመለሰ። በዚህ መካከል አየር መንገዱ በለንደን ሂትሮው ማረፊያ የነበረውን የበረራ ሰዓት አጣ። በሂትሮው እንዲህ ያለ ሰዓት በገንዘብ የሚተመን ትልቅ ሀብት በመሆኑ፣ እንዴት እንደታጣ በሱዳን የምርመራና የፖለቲካ ክርክር ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ጃምቦዎቹን ሲሸኝ የሂትሮው ሰዓቶቹን ይዞ ቀረ፤ የሱዳን አየር መንገድ ግን አሮጌዎቹን አውሮፕላኖች ይዞ ሰዓቱን አጣ።

ጦርነቱ ሲመጣ ያገኘው እንዲህ የሳሳ ድርጅት ነው። ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላ አዲስ አውሮፕላን ለመግዛት ብዙ ተነግሮ ነበር፤ የ2019ኙ ሕዝባዊ አመፅ፣ የ2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት፣ በመጨረሻም የ2023ቱ ጦርነት አንዱ ሌላውን እየተካ ዕቅዱን ቀበሩት።

ባሕሪ፣ የመጓጓዣ ከተማ

ከወንዙ ማዶ ያለችው ባሕሪ የዚህን ታሪክ ክብደት ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1899 መጨረሻ ከሰሜን የመጣው የባቡር ሐዲድ የቆመው በባሕሪ ነበር፤ ወደ ካርቱም የተሻገረው ከአሥር ዓመት በኋላ በጥቁር ዓባይ ላይ ድልድይ ሲሠራ ነው። የዓባይ የእንፋሎት መርከቦች የሚጠገኑበት የመርከብ ቦታም እዚያው ነበር። በባሕሪ የኢንዱስትሪ ቀጣና ፋብሪካዎች ተተከሉ። የባቡሩም የወንዝ መርከቡም አገልግሎት በየተራ ሲዳከም ከተማዋ አይታለች፤ አንዱም በሥርዓት አልተሸኘም። ጥገናው ቀነሰ፣ ባለሙያው ተበተነ፣ ብረቱ ባለበት ዛገ።

በጦርነቱ የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሥራ አቁሞ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ንጹሕ ውኃ አጣ። በከተማዋ የሚገኘው የሠራዊቱ የመገናኛ ሰፈር ለሃያ አንድ ወራት ያህል ተከብቦ ከቆየ በኋላ ከበባው የተሰበረው በጃንዋሪ 2025 ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውን ሠራዊቱ መልሶ የተቆጣጠረው በማርች 2025 ነበር። በእነዚህ ዓመታት ከካርቱም ወደ ውጭ መብረር የፈለገ ሰው በመኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ፖርት ሱዳን መድረስ ነበረበት። ያም ማረፊያ ቢሆን በሜይ 2025 በሰው አልባ አውሮፕላኖች ተመቷል። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎቹ የወጡት በሰማይ ሳይሆን በየብስ፣ በገላባትና በመተማ በኩል ነው።

በኦክቶበር 2025 የባድር አውሮፕላን ካርቱም ላይ ሲያርፍ ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው የንግድ በረራ ተባለ። በዚያው ሰሞን ግን በማረፊያው አካባቢ የሰው አልባ አውሮፕላን ጥቃት ደርሷል። ማኮብኮቢያ በወራት ሊጠገን ይችላል። መድን ሰጪዎች አውሮፕላን ወደ ካርቱም እንዲሄድ የሚስማሙበት ጊዜ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው የተሰደደው መካኒክ የሚመለስበት ጊዜ ግን በሲሚንቶ ሥራ አይፋጠንም።

አዲስ አበባም ከሥጋት ነጻ አይደለችም

ይህ ንጽጽር ለአዲስ አበባ የድል ማብሰሪያ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥንቃቄ የተሞላበት ምርጫ ቢኖረውም በማርች 2019 በቦይንግ 737 ማክስ አደጋ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ የአውሮፕላኑ ንድፍ ጉድለት የገዢን ብልኅነት ሊያልፍ እንደሚችል በመራራ መንገድ ታይቷል። በ2024 ያዘዛቸው ስምንት ቦይንግ 777-9 አውሮፕላኖች ከ400 በላይ መንገደኛ ሊይዙ የሚችሉ ናቸው፤ በመጠናቸው የጃምቦው ወራሾች፣ በሞተር ግን ሁለት ብቻ። ወደ አገልግሎት የሚገቡበት ጊዜ ከአምራቹ በኩል ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከቦሌ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ የታቀደው ታላቅ ማረፊያ ከባድ አውሮፕላኖችን የማስነሣቱን ችግር ያቃልላል ተብሎ ይጠበቃል፤ በዚያው ልክ ከፍተኛ ብድር የሚጠይቅና ገበሬዎችን ከመሬታቸው የሚያነሣ ሥራ ነው።

እስካሁን አየር መንገዱ ከገበያው በላይ የሆነ አውሮፕላን ባለመግዛት ተጠቅሟል። ግዙፍ ማረፊያና ግዙፍ አውሮፕላን አንድ ላይ ሲመጡ ግን በ1970ዎቹ ፓን አም የገባበት ስሌት ይመለሳል፦ ወንበሮቹ መሙላት አለባቸው። ለመሙላታቸው ደግሞ ጎረቤቶች ሰላም መሆን ይኖርባቸዋል። ካርቱም ለአዲስ አበባ ከቅርብ መዳረሻዎች አንዷ ነበረች፤ በላይዋ የሚያልፈው ሰማይም ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ የሚወስድ መንገድ ነው። የሱዳን ሰማይ ሲዘጋ በዙሪያ የሚበር አውሮፕላን ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል፤ በካርቱም የሚቀር መንገደኛም ከቦሌ ገቢ ይቀነሳል። በአፍሪካ ቀንድ የአንዱ ማረፊያ መቃጠል ለሌላው ትርፍ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ከካርቱም የሚጠበቀው ጥያቄ ስንት አውሮፕላን ትገዛለች የሚለው አይደለም። ሱዳን ጦርነቱ ሲያበቃ እንደ ቀድሞው ለክብር አንድና ሁለት ትልቅ አውሮፕላን ልትከራይ ትችላለች፤ ዓርማ ቀብቶ ማስነሣት ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ ከአገር የወጡትን ባለሙያዎች መመለስ፣ የደኅንነት ቁጥጥሩን ከአውሮፓ እገዳ ለመውጣት በሚያበቃ ደረጃ ማቋቋም፣ አየር መንገዱንም ከባለሥልጣናት እጅ ማራቅ ነው። እነዚህ ከተሟሉ ከባሕሪ ማዶ ባለው ማኮብኮቢያ ላይ የሚነሡት አውሮፕላኖች፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጦላቸው፣ ተተኪያቸውም ተዘጋጅቶ ከሥራ ይሰናበታሉ።